ቀለሜዋና መልስ የማይሰጠው በሽተኛ

እጆቿ የአንሶላውን ጫፍ ከፍራሹ ሥር እየከተቱ ነው። በግራዋ ፍራሹን ትንሽ ከፍ ታደርጋለች፤ በቀኟ የአንሶላውን ማዕዘን እንደ ፖስታ አጥፋ ታስገባለች፤ ከዚያ ጠርዙን በመዳፏ ትዳብሳለች። የተጨማደደ ነገር ከተሰማት መልሳ ትፈታዋለች። እኔ አልጋው ላይ ነኝ። ልምምዱ እንዲህ ነው፤ መነሳት ከማይችል ሰው ሥር፣ ሰውየው ሳይነሳ፣ አንሶላ መቀየር። ወደ ግድግዳው ገልበጥ ታደርገኝና የድሮውን አንሶላ እስከ ጀርባዬ ትጠቀልላለች፤ ንጹሑን ትዘረጋለች፤ ከዚያ በጥቅሉ ላይ አሳልፋ ወደ ራሷ ታዞረኛለች።

"እማማ፣ እግርሽን አታንሺልኝ" አለችኝ።

"ላግዝሽ ብዬ ነው።"

"አታግዢኝ። አንቺ አሻንጉሊት ነሽ። አሻንጉሊት እግሩን አያነሳም።"

"አሻንጉሊት ወገቡንም አያመውም።"

"አሻንጉሊት አያወራም፣ እማማ።"

እግሬን መልሼ ዘረጋሁ።

ይህች ልጅ የልጄ ልጅ ናት። ያን ጊዜ የነርስነት ትምህርቷን ሁለተኛ ዓመት ይዛ ነበር። ትምህርት ቤታቸው ውስጥ በሰው ቁመት የተሠራ የፕላስቲክ አሻንጉሊት አለ። ተማሪዎቹ መርፌ መውጋትም፣ ቁስል ማሰርም፣ መድኃኒት መስጠትም መጀመሪያ የሚለማመዱት በእሱ ላይ ነው። አሻንጉሊቱ አንድ፣ ተማሪው ብዙ በመሆኑ ግን ተራ ቶሎ አይደርስም። በዚህ ምክንያት እኔ ተሾምኩ። የቀረብኝ መርፌው ብቻ ነው።

መድኃኒት መስጠት ስትለማመድብኝ "እርስዎ" እባላለሁ። ልምምዱ ሲያልቅ ተመልሼ "አንቺ" እሆናለሁ።

በክፍሏ ልጆች ዘንድ ስሟ ቀለሜዋ ነው። ማንበብ የሚያበዛን ተማሪ እንዲህ ይሉታል፤ ግማሹ አድናቆት ነው፣ ግማሹ ሽሙጥ። እሷ ሁለቱንም እኩል ተቀብላ ትሄዳለች። ቤታችን ሁለት ክፍል ነው። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል፤ ከእሱ ቀጥሎ የእኔ አልጋ፣ ከአልጋው ወዲያ ምድጃው አለ። ከምድጃው በላይ ያለው ግድግዳ የልጅቷ ነበር። የመድኃኒት ስም በየወረቀቱ ጽፋ ለጥፋበታለች። ስሙን የምትጽፈው በእኛው ፊደል ነው፤ እኔ እንድጠይቃት። ፊደል የቆጠርኩት ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ፣ እሷ አንደኛ ክፍል ሳለች ከእሷው ጋር ነበር፤ ስለዚህ ንባቤ ዝግ ያለ ነው። አንዱን የመድኃኒት ስም አንብቤ ልጨርስ ስል እሷ ሥራውንም፣ መጠኑንም፣ ጉዳቱንም ተናግራ ሌላውን ትጠብቃለች።

"ገና አልጨረስኩትም እኮ" እላታለሁ።

"መጀመሪያው ገብቶኛል" ትላለች።

እንዲህ የሚያስሮጣት ምን እንደሆነ ቤቱ ሁሉ ያውቃል። በመጀመሪያው ዓመት ሆስፒታሉን ሲያስጎበኟቸው የጨቅላ ሕፃናትን ክፍል በመስታወት አይታ ነበር። ከጊዜያቸው ቀድመው የተወለዱ ልጆች በሚሞቅ ሣጥን ውስጥ ተኝተዋል፤ የአንዱ እግር ከአውራ ጣቷ አይበልጥም። እዚያው ተተክላ ቀረች፤ ጓደኛዋ ክንዷን ይዛ እስክትጎትታት ድረስ። ያን ቀን ራት ላይ "እኔ እዚያ ነው የምሠራው" አለችን። በማግሥቱ ጠይቃ ተረዳች፤ በመጨረሻው ዓመት ተማሪዎች በየክፍሉ የሚመደቡት በውጤታቸው ነው፤ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል የሚቀበለው ከላይ ያሉትን ጥቂቶቹን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር አልፈለገችም።

አጎቷ፣ ወንዱ ልጄ፣ የታክሲ ሾፌር ነው። እሁድ እሁድ የተተረተረ ሸሚዙን ለእኅቱ ይዞ ይመጣል፤ እግረ መንገዱን ሰው ሳይነካ አይሄድም።

"ዶክተር፣ ዛሬም ንባብ ነው?"

"ነርስ" አለችው፣ ቀና ሳትል።

"እሺ ነርስ። አንድ ነገር አስረጂኝ። መርፌ ለመውጋት ኤ ምን ያደርጋል? በሲ የተወጋ ሰው ይበልጥ ያመዋል?"

እናቷ ከስፌት መኪናው ላይ ሆና "ተዋት" አለችው።

"መጠየቄ ነው። እኔ መንጃ ፈቃዴን ያወጣሁት ለጥቂት ነው። ፈታኙ ራሱ 'ለጥቂት ነው ያለፍከው' ብሎኛል። ይኸው እስካሁን እነዳለሁ።"

"ጋሼ፣ አንተ መንገድ ስትስት ተሳፋሪህ 'ወራጅ አለ' ብሎ ይወርዳል" አለችው። "የእኔ ተሳፋሪ ተኝቷል።"

ልጄ ሳቀ። "ምላሷ ከመርፌዋ ይብሳል" አለ፤ ሸሚዙን ተቀብሎ ሄደ።

እናቷን የሚያስጨንቃት ሌላ ነበር። ልጅቷ ቀጥናለች፤ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። "ሁሉን ኤ ማምጣት ይቻላል እንዴ? ወይስ ራስሽን ልትገድዪ ነው?" አለቻት አንድ ቀን፣ ክር በጥርሷ እየቆረጠች። ልጅቷ ያለ ኩራትም ያለ እልህም መለሰች። ይቻላል አለች። ከባዱ ነገር ፈተና ሲደርስ ማንበብ ነው፤ መምህሩ ከማስተማሩ በፊት አንድ ጊዜ ካየሽው ክፍል ውስጥ የምትሰሚው ሁለተኛሽ ነው፤ ማታ ለእማማ ስትነግሪያት ሦስተኛሽ ነው፤ ፈተናው ሲመጣ አዲስ ነገር የለውም። እናቷ ጥቂት አሰበችና "እሱስ ስፌትም እንዲሁ ነው፤ ሳይለኩ የቆረጡት ነው የሚያስለቅሰው" አለች። ከዚያ ወዲህ ስለ ኤ አልጠየቀቻትም፤ የምትጠይቃት ስለ ምግብ ሆነ።

ጓደኛዋን ሳቂታ ነው የምንላት። እናቷ ያወጣችላት ስም ሌላ ነው፤ ሳቂታ ያልናት እኛ ነን፤ ትምህርት ቤት ድረስም ተከትሏት ሄደ። የሳቂታ ውጤት መካከለኛ ነው። በሽተኞች ግን ከርቀት ያውቋታል። ትምህርት ቤታቸው አንድ ደንብ አለው፤ የመድኃኒት ስሌት ፈተናን በከፍተኛ ውጤት ያላለፈ ተማሪ የበሽተኛ አልጋ አጠገብ አይደርስም። ሳቂታ ወደቀች። የአንዷን የአስርዮሽ ነጥብ ቦታ አሳስታ ለሕፃን የአዋቂ መጠን ጻፈች። ማልቀስ ሲገባት እየሳቀች እኛ ቤት መጣች።

"በወረቀት ገደልኩት፣ እማማ" አለችኝ። "ደግነቱ በወረቀት ለሞተ ለቅሶ የለም።"

ቀለሜዋ አልሳቀችም። ብርጭቆና የሻይ ማንኪያ አመጣችና ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

"ስሌቱን ሠርተሽ መልስ አገኘሽ። ወዲያው አትመኚው" አለቻት። "መጀመሪያ በዓይንሽ እዪው። መልስሽ ይህን ብርጭቆ ሙሉ የሚያክል ነው። የስድስት ወር ልጅ ይህን ሁሉ ይጠጣል?"

"የእኛ ሰፈሩ ይጠጣል።"

"ሳቂታ።"

"እሺ፣ አይጠጣም።"

"እንግዲያው ነጥቧ የት ናት?"

ሲመሽ የሳቂታ እናት እስክትጠራት ድረስ እንዲህ ሲባባሉ ቆዩ። ሳቂታ በሁለተኛው ፈተና አለፈች፤ ያውም በደህና ውጤት። እኔም አልጋዬ ላይ ሆኜ ሰማሁ፤ ወረቀት ላይ ያለችው ነጥብ ወረቀት ላይ ብቻ እንደማትቀር ያን ዕለት ገባኝ። ልጄ በሚቀጥለው እሁድ ስለ ኤ መቀለድ ሲጀምር የብርጭቆውን ነገር ነገርኩት። ብርጭቆውን አንስቶ አገላብጦ አየውና መልሶ አስቀመጠው።

የዓመቱ መጨረሻ ሲቃረብ ቀለሜዋ ከክፍሏ ፊት ነበረች፤ ተከታዮቿም ራቅ ያሉ ናቸው። የቀረው በሆስፒታሉ ውስጥ፣ በሕያው ሰው ላይ የሚሰጠው ፈተና ብቻ ነው፤ መድኃኒት መስጠት። ለእሱ የተለማመድነው እኔና እሷ ነን። የሚሰጠኝ መድኃኒት የእናቷ ቁልፍ ነበር፤ ነጭ የሸሚዝ ቁልፍ ለደም ግፊት፣ ጥቁር የኮት ቁልፍ ለስኳር። ፈታኟ እንድትሰማ እያንዳንዱን ነገር ጮክ ብሎ መናገር ግዴታ ነው። ስለዚህ እንዲህ ትላለች፤ "እጄን ታጥቤያለሁ። ካርዱን አነባለሁ። ኪኒኑን ከካርዱ ጋር አመሳክራለሁ። ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ፤ አመሰግናለሁ። ይህ መድኃኒት ለደም ግፊትዎ ነው።" እኔ አሻንጉሊት ነኝና አልመልስም። አሻንጉሊቱም ትምህርት ቤት አይመልስላትም። በየቀኑ ስትደጋግመው "ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ፤ አመሰግናለሁ" በአንድ ትንፋሽ የሚወጣ አንድ ቃል ሆነ። ስትናገረው ያምር ነበር። አንድም ቦታ አትደናቀፍም።

ፈታኟ የሆስፒታሉ ነባር ሲስተር ናት። ጡረታዋ የደረሰ፣ ጫማዋ ሁልጊዜ ነጭ የሆነ ሴት። ተማሪዎቹ "እህሳ" ይሏታል፤ ምክንያቱም ተማሪ ሲሳሳት አትቆጣም፣ አታርምም፤ "እህሳ?" ብላ ዝም ትላለች። ከስድብ ይልቅ ይህ ያስፈራል ይላሉ።

በፈተናው ቀን የሆነውን የነገረችኝ ሳቂታ ናት፤ ቀጣዩ ተራ የእሷ ስለነበር በሩ ላይ ቆማ ታይ ነበር።

ክፍሉ የወንዶች ነው። በመስኮቱ በኩል ባለው አልጋ የተመዘገቡት አንድ የስኳር በሽተኛ አናጢ ነበሩ። ቀጥሎ ባለው አልጋ ደግሞ በሳል የገቡ አንድ የድሮ ዘበኛ ተኝተዋል። ጠዋት አናጢው "ነፋሱ ጆሮዬን በሳው" አሉ። ዘበኛው በበኩላቸው "እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በር ላይ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ በመስኮት ሆኜ የሚገባና የሚወጣ ካላየሁ ይጨንቀኛል" አሉ። ተስማሙ። ማንንም ሳይጠይቁ አልጋ ተለዋወጡ። ካርዶቹ ግን በየአልጋው ግርጌ እንደተንጠለጠሉ ቀሩ።

ቀለሜዋ ጋዋኗን አስተካክላ ገባች። እጇን ታጠበች። የመስኮቱን አልጋ ካርድ አነበበች፤ የስኳር ኪኒን ይላል። ኪኒኑን አመሳከረች። ወደ ሰውየው ጎንበስ ብላ ጥርት ባለ ድምፅ "ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ፤ አመሰግናለሁ" አለች።

ዘበኛው ንግግራቸው ዝግ ያለ ነው። አፋቸውን ከፈቱ፤ ምስጋናው ቀደማቸውና መልሰው ገጠሙት። መዳፋቸውን ዘረጉ። ኪኒኑን ተቀበሉ።

ሲስተር ክንዳቸውን ቀስ ብላ ያዘች። "አባቴ፣ ይህን አይዋጡት" አለቻቸው። ከዚያ ወደ ቀለሜዋ ዞራ "እህሳ?" አለች።

ቀለሜዋ አልገባትም። የረሳችው ነገር ያለ መስሏት የቀረውን መዘርዘር ጀመረች። "ውሃ እሰጣቸዋለሁ፤ መዋጣቸውን አረጋግጣለሁ፤ ሰዓቱን እመዘግባለሁ…"

"እህሳ?"

ዘበኛው በመካከል ገቡ። "ልጄን አይቆጧት፣ ሲስተር። እናንተ ታውቃላችሁ ብዬ ልውጠው ነበር።"

"ስምዎን ማን ልበል?" አለቻቸው ሲስተር።

ነገሯት። እስኪጨርሱ ጠበቀች። ካርዱ ላይ ያለው ስም አልነበረም።

"እኔ እንኳ አልሳቅኩም፣ እማማ" አለችኝ ሳቂታ።

የሳቂታ ተራ ሲደርስ አናጢውን ስማቸውን ጠይቃ የልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን ስም ጭምር ይዛ ወጣች። እጇን መታጠብ ስለረሳች ተቀነሰባት፤ ግን አለፈች። ቀለሜዋ ወደቀች። ለሰው የሌላ ሰው መድኃኒት የሰጠ ተማሪ ሌላው ሥራው ምንም ያህል ቢያምር ፈተናውን አያልፍም።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ቤት መጣች። ጋዋኗ ንጹሕ ነበር፤ ቢሆንም አወለቀችና በሳፋ ዘፍዝፋ ታጥበው ጀመር። እናቷ "ምነው?" አለቻት።

"ወደቅኩ። ለአንድ ሰው የሌላ ሰው መድኃኒት ሰጠሁ።"

የስፌት መኪናው ቆመ። ልጅቷ የጋዋኑን ኮሌታ በሁለት እጇ ፈትጋ ፈትጋ አጠበችው።

በማግሥቱ ወደ ሲስተር ሄደች። የሄደችው ልትከራከር ነበር፤ ይህን ራሷ ናት የነገረችኝ። ከአንዱ በቀር ሁሉን በትክክል ሠርቻለሁ፤ ስሙን ጠይቄያለሁ፤ እንደ መውደቅ ሊቆጠር አይገባም፤ ልትል ነበር።

ሲስተር አዳመጠቻት። "ዘጠኙን በር ቆልፈሽ አሥረኛውን ክፍት ብትተዪው ሌባው የሚገባው በየትኛው ነው?" አለቻት።

ሲስተር ቀጠለች።

"ጨቅላ ሕፃናት ክፍል መመደብ ትፈልጊያለሽ አሉ። ሕፃን ስሙን አይነግርሽም። እዚያ ማንን ልትጠይቂ ነው?"

"እጁ ላይ የታሰረውን አነባለሁ። እናቱንም እጠይቃለሁ።"

"ጥሩ። እናቱ እስክትመልስስ ትጠብቂያለሽ?"

ከዚያ የሚሆነውን ነገረቻት። ድጋሚ ፈተና ይሰጣታል። ብታልፍም የሚሰጣት የማለፊያውን ያህል ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ አይጨመርም። ያ ውጤት ከላይ ከነበረችበት ያወርዳታል። እስከ የት እንደሚያወርዳት የሚታወቀው ሁሉም ተደምሮ ነው። ካላለፈች ግን ጨቅላ ሕፃናት ክፍሉ የለም፤ ዓመቱም ይደገማል።

ልጄ እሁድ መጣ፤ ወሬው ደርሶታል። እንዳይቀልድባት ፈርቼ ነበር። በሩ አጠገብ ቆሞ "ሰውየው ዋጠው?" አላት።

"አልዋጡትም።"

"እንግዲያው ምን ያስለቅስሻል?"

"አላለቀስኩም።"

"አውቃለሁ። እሱ ነው የከፋኝ" አለ። ከዚያ ተቀመጠና ዳቦውን ቆርሶ ሻዩን ጠጣ፤ ስለ ሌላ ነገር አወራ።

ልምምዱ እንደገና ተጀመረ። አንሶላው ተነጠፈ፤ ቁልፎቹ ወጡ፤ እኔም ተኛሁ። አሁን ግን ደንቡ ተለወጠ።

"እማማ፣ ከዛሬ ጀምሮ አሻንጉሊት አይደለሽም" አለችኝ።

"ታዲያ ምንድን ነኝ?"

"የፈለግሽውን ሁኚ። አስቸግሪኝ።"

ይህን ከተፈቀደልኝ ወዲያ አንድ ቀን ጆሮዬ የማይሰማ ሆንኩ። አንድ ቀን ስሜን ስትጠይቀኝ የጎረቤታችንን የወተት ሻጯን ስም ነገርኳትና ሳታመሳክር ስታልፍ ያዝኳት። አንድ ቀን ስሙን ማን እንዳወጣልኝ፣ ያወጡልኝ አያቴ ምን ዓይነት ሰው እንደነበሩ፣ በስንት ሰው መካከል እንደወጣልኝ ዘርዝሬ ዘርዝሬ ስሙን ራሱን ሳልናገር ቀረሁ። እናቷ ከመኪናው ላይ "እማዬ፣ በሽተኛ ሆነሽ ሳይሆን ተዝናንተሽ ነው" አለችኝ። መጀመሪያ መጀመሪያ ልጅቷ ምስጋናው ከአፏ ያመልጣታል። "ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ፤ አመ…" ትልና ከንፈሯን ትነክሳለች። ቀስ በቀስ ዝምታው መጣ። ጠይቃ ትቆማለች፤ አፌን ታያለች። ዓይኗ ፊቴ ላይ እንዲያ ሲቆይ ከሕፃንነቷ ወዲህ ያየሁት አልመሰለኝም፤ ለዓመታት የማየው ወደ ወረቀት ያቀረቀረ ግንባሯን ነበርና።

ድጋሚ ፈተናው በሴቶች ክፍል ሆነ። ሲስተር ቆማለች፤ ሰዓቷን ይዛለች፤ ጊዜው የተወሰነ ነው። አልጋው ላይ ያሉት ለረጅም ጊዜ የተኙ አሮጊት ናቸው፤ ልብስ አጥበው የኖሩ ሴት፤ ጣቶቻቸው ተጣጥፈው ቀርተዋል። ቀለሜዋ እጇን ታጠበች። ካርዱን አነበበች። ኪኒኑን አመሳከረች።

"ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ፣ እናቴ።"

ሴትዮዋ አይዋት። "ጠዋት አንዷ ጠየቀችኝ። ትናንት አንዷ ጠየቀችኝ። እናንተ ልጆች በቀን ስንት ጊዜ ነው ስሜ የሚጠፋባችሁ?"

"አልጠፋብንም። ከእርስዎ አፍ ልስማው ብዬ ነው።"

"ተጽፎ የለ እንዴ?"

"ተጽፏል። ወረቀት ግን ይሳሳታል፤ አልጋም ይቀያየራል።"

ሴትዮዋ ፊታቸውን ወደ ጣሪያው አዞሩና ዝም አሉ።

"ዝም ሲሉ አሻንጉሊቱ ትዝ አለኝ፣ እማማ" አለችኝ በኋላ። "ግን ይተነፍሳሉ። ትንፋሻቸውን እሰማለሁ። የሲስተር ሰዓትም ይሰማኛል።" ሌሎቹን ነገሮች ሁሉ በልቧ ታውቃቸዋለች፤ ወደ ቀጣዩ ዘልላ ብትሄድ ጊዜው ይበቃታል። አልሄደችም። እጇን በአልጋው ብረት ላይ አድርጋ ቆመች።

ሴትዮዋ ቆየት ብለው ጭንቅላታቸውን አዞሩ። "አንቺስ ማን ነሽ?" አሏት።

በዚያ አልጋ ላይ ከተኙ ጀምሮ ስማቸውን የጠየቃቸው ብዙ ነው፤ የራሱን የነገራቸው ግን አልነበረም። ቀለሜዋ ስሟን ከነአባቷ ነገረቻቸው። ሴትዮዋ ደገሙት፣ እንደ ጨርቅ በእጃቸው የሚያገላብጡት ይመስል። ከዚያ የእሳቸውን፣ የአባታቸውን፣ የአያታቸውንም ጨምረው ተናገሩ። ልጅቷ እስኪጨርሱ ጠበቀች፤ ከካርዱ ጋር አመሳከረች፤ ከእጃቸው ማሰሪያ ጋርም አመሳከረች።

"አመሰግናለሁ" አለች።

ኪኒኑን በውሃ ዋጡት። ቀለሜዋ መድኃኒቱን የሰጠችበትን ሰዓት መዝግባ ስትጨርስ ጊዜው ሊያልቅ ጥቂት ነበር የቀረው። ሲስተር ሰዓቷን ኪሷ ከተተች፤ "እህሳ" አላለችም።

ውጤቱ ሁሉ ተደምሮ በትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ጨቅላ ሕፃናት ክፍል የሚገቡት ስሞች ከላይ ናቸው፤ ሳቂታ ከላይ ወደ ታች እያነበበች ስትወርድ ድምፅዋ እየቀነሰ ሄደ አሉ። ቀለሜዋ የመጨረሻዋ ነበረች። ከእሷ በታች መስመሩ ተሰምሯል። ድጋሚው ፈተና ከፊተኛው ቦታ አንሥቶ እዚያ ድረስ አውርዷታል፤ ከዚያ በታች እንዳትወርድ የያዛት በሁለቱ ዓመት ያጠራቀመችው ነው። ሳቂታ የወንዶች ክፍል ደረሳት፤ አናጢው ገና እዚያው ነበሩና ደስ አላቸው።

ልጄም ይህን ሰማ። "ለጥቂት" አለ። "ልክ እንደ አጎትሽ።"

"ልክ እንደ አጎቴ" አለችው።

"ታዲያ ኤ ለምን ይጠቅማል ብዬ ስጠይቅሽ፣ ሲወድቁ እንደሚይዝ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ያኔ እኔም አላውቀውም ነበር።"

አሁን ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ትሠራለች። ትምህርቷን ጨርሳ እዚያው ተቀጠረች። ከምድጃው በላይ ያሉት ወረቀቶች ተነሥተዋል፤ ግድግዳው ላይ የሙጫው ምልክት አለ። አንድ ቀን ከሌሊት ሥራ ስትወጣ ላገኛት ሄጄ በመስታወቱ በኩል አየኋት። አንዲት ወላድ ወንበር ላይ እንቅልፍ ጥሏት ነበር። ልጅቷ መድኃኒቱን በእጇ ይዛ አጠገቧ ቆማ ነበር። ትከሻዋን ነካ አደረገቻት፤ አንድ ነገር ጠየቀቻት። ወላዷ ዓይኗን ገልጣ እስክትረዳ፣ ተረድታ እስክትናገር ብዙ ቆየ። ልጅቷ ቆማ አፏን ታያለች። እጇ ሣጥኑን አልነካም።

ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሆስፒታል ስትተኙ፣ ወይም የምትወዱትን ስታስታምሙ፣ ነጭ የለበሰች ልጅ ጠዋት የጠየቀችውን ስም ማታ መጥታ መልሳ ትጠይቃችኋለች። ጠፍቶባት አይደለም። አትቀልዱባት፤ "ተጽፎ የለ እንዴ" አትበሏት፤ እሺ ብላ እንድታልፍ ራሳችሁን አትነቅንቁላት። ስማችሁን ከነአባታችሁ፣ ቀስ ብላችሁ፣ እስከ መጨረሻው ንገሯት። ሳትጨርሱ ካመሰገነቻችሁ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ ኪኒኑን ከመዋጣችሁ በፊት "ልጄ፣ ገና አልመለስኩልሽም" በሏት።